«ምን ዓይነት ቀይ?»

ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ አራት ኪሎ አካባቢ በተካሄደ የንባብ ወዳጆች ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከጥቂት ማስተካከያ በስተቀር እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን ዋላችሁ?

እግዚአብሔር ይመስገን። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ባዶ ወንበር አለ። ኑ ተቀመጡ። ኑ፣ አትፈሩ። 34 ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ሰው ቆሞ እያየሁ መናገር አይሆንልኝም።

ብዙዎቻችሁ አታውቁኝም። የመጣሁት ከሐዋሳ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ጥቂት ዓመት ሆኖኛል። ተወልጄ ያደግሁት ግን እዚሁ፣ ፒያሳ፣ ሠራተኛ ሰፈር ነው። ባለፈው እሁድ ማታ ገባሁ፤ ዛሬ ሳምንቴ ነው፤ ነገ በጠዋት እመለሳለሁ። አዘጋጆቹ ስለ አንድ መጽሐፍ እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። «በዚህ ሳምንት መጽሐፍ አልገለጥኩም፤ እንዴት እንደሰነበትኩ ልንገራቸው» አልኳቸው። ፈቀዱልኝ። አመሰግናለሁ።

እንዴት ሰነበትኩ? ሥዕል አየሁ። ሙዚቃ ሰማሁ። ከድሮ ጓደኞቼ ጋር ዋልኩ፣ አመሸሁ። በቃ። ሌላ ምንም አልሠራሁም።

ይህ ቀላል ነገር ይመስላችኋል? ክፍለ ሀገር የምንኖር ሰዎች አዲስ አበባ የምንመጣው ለሰርግ ነው። ለለቅሶ ነው። ለሕክምና ነው። ካልሆነም ጉዳይ ለማስጨረስ ነው። ለጎረቤቴ «ሥዕል ለማየት ነው የምሄደው» ስላት ደንግጣ «ደህና ነሽ?» አለችኝ።

እናንተስ? እዚሁ የምትኖሩትስ? እስቲ እጃችሁን አውጡልኝ። ብሔራዊ ሙዚየም ገብታችሁ የምታውቁ? ጥሩ፣ ብዙ እጅ ነው። ተማሪ ሆናችሁ በጉብኝት ከሄዳችሁ ወዲህ ተመልሳችሁ የገባችሁስ? አያችሁ? ከዚህ አዳራሽ አምስት ኪሎ ሩብ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። አልወቅሳችሁም። እኔም እዚህ ሳለሁ እንዲሁ ነበርኩ።

ሦስት ነገር ነው የምነግራችሁ። አንደኛ ስለ ማየት። ሁለተኛ ስለ መስማት። ሦስተኛ ስለ ጓደኛ። ሦስተኛው ግን ተራ የሚጠብቅ አይደለም፤ በየመሐሉ ይገባብኛልና ከሱ ልጀምር።

አራት ነን። አንድ ክፍል ተምረናል። አምስት ነበርን። አምስተኛዋ የዛሬ ሁለት ዓመት አረፈች። ከመሞቷ በፊት በየዓመቱ «ዘንድሮ እንገናኝ» እንባባል ነበር። በየዓመቱ «ለከርሞ» እንላለን። ስልክ አለ እንላለን። ከዚያ ለቅሶዋ ላይ ተገናኘን። የዚህ ሳምንት ነገር የተጀመረው እዚያ ድንኳን ውስጥ ነው።

ከአራታችን አንዷ ነርስ ነበረች፤ እንደኔ ጡረታ ወጥታለች። ሽሮ ሜዳ ነው ቤቷ፤ ያረፍኩትም እሷ ጋ ነው። ሁለተኛዋ ከደሴ ሰኞ ደረሰችልን። ሦስተኛው ወንድ ነው። ክራር ይጫወታል። በደርግ ጊዜ ከቀበሌ ኪነት ነው የጀመረው።

ይህ ጓደኛችን ዓይኑ አያይም። ግላኮማ ነው። ግላኮማ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ የዓይን ውስጥ ግፊት ይጨምርና ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ቀስ በቀስ ይጎዳዋል። አብዛኛውን ጊዜ አያምም። መጀመሪያ የሚጠፋው ዳር ዳሩ ስለሆነ ሰው ልብ አይለውም። የጠፋው ደግሞ አይመለስም፤ የሚቻለው የቀረውን ማትረፍ ነው። እሱ መንገድ ላይ ከሰው ጋር ሲጋጭ፣ በር ሲመታው፣ «ቸኩዬ ነው» ይል ነበር። ሐኪም ጋ ሲደርስ ብዙው ሄዷል። ከርዕሴ ወጣሁ፣ አውቃለሁ። ግን እለምናችኋለሁ፣ ከ40 ዓመት በላይ የሆናችሁ፣ ቤተሰብ ውስጥ ያለባችሁ ደግሞ ከዚያም በፊት፣ ዓይናችሁን ተመርመሩ። እስኪያማችሁ አትጠብቁ።

እሺ። ሰኞ ማታ ሽሮ ሜዳ ቡና ተፈላ። «ሳምንቱን ምን እናድርግበት?» ተባለ። አንዷ ቢሾፍቱ አለች። አንዷ እንጦጦ አለች። እሱ ስኒውን አስቀመጠና «ሙዚየም ውሰዱኝ» አለ።

ዝም አልን። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

«ምነው ዝም አላችሁ?» አለ።

ማክሰኞ ጠዋት ወጣን። ከሽሮ ሜዳ ስድስት ኪሎ በታክሲ ቅርብ ነው። ረዳቱ ክንዱን ይዞ አስገባው፤ ወንበርም ለቀቁለት። ወዴት እንደምንሄድ ስናወራ የሰማ አንድ ተሳፋሪ፣ በክፋት አይመስለኝም፣ «ታዲያ እሳቸው ምን ሊያዩ ነው?» አለ። ጓደኛችን ወደ ድምፁ ዞሮ «ጠይቄ አያለሁ፣ ወንድሜ» አለው።

ይህችን ያዙልኝ። ጠይቄ አያለሁ።

አሁን ወደ አንደኛው ነጥብ ገባሁ። ስለ ማየት።

ስድስት ኪሎ ግቢ፣ ከድሮው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት፣ አንድ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። የትም የማያደርስ ደረጃ ነው። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ሠራው፤ እያንዳንዱ እርከን የፋሺስት አገዛዝን አንድ አንድ ዓመት ይቆጥራል ይባላል። ነፃነት ሲመለስ አልፈረሰም። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። እኔ በዚያ ደረጃ አጠገብ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ! አንድ ቀን ቆሜ አላየሁትም። እሱ ታችኛውን እርከን በዱላው ነካ ነካ አደረገና «አንበሳው ፊቱ ወዴት ነው?» አለኝ። ቀና አልኩ። ያን አንበሳ በትክክል ያየሁት ያኔ ነው።

ቤተ መንግሥቱን ንጉሠ ነገሥቱ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት። ዛሬ ውስጡ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ፤ ተቋሙ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። ስለ ሀገሩ ሕዝብ አኗኗር የሚያሳየው ክፍል የተደረደረው በሰው ዕድሜ ነው። ልደት ይቀድማል። ልጅነት ይቀጥላል። ከዚያ ጉልምስና፣ መጨረሻ ላይ ሞት። የደሴዋ ጓደኛዬ ልጅነቱ ጋ ስትደርስ አልሄድም አለች። «እዚህ ትንሽ ልቆይ» አለች። ጠበቅናት።

ላይኛው ፎቅ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልና መስቀል አለ። እዚያ ብዙ ቆየን። በባሕላዊው ሥዕላችን ቅዱሱና ደጉ ፊቱ ሙሉ ሆኖ፣ ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሳላል። ክፉው በጎኑ ይሳላል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ይሁዳን በመጨረሻው እራት ላይ እዩት። በዓድዋ ሥዕሎች ላይ የጠላትን ወታደር እዩት። ይህን ተማሪዎቼን ሁልጊዜ አስተምራቸው ነበር። ለሱም እንደ ለመድኩት ነገርኩት።

ትንሽ ዝም አለና «ሁለቱም ለጠፋበት ሰው ምን ይስሉለታል?» አለ።

ምላሴ ታሰረ። ሳላስብ ነበር የተናገርኩት። ነርሷ ጓደኛችን ናት የመለሰችለት። «አንተ ሁለት ዓይን ሆነህ ነው የምትሳለው። እኔ ነኝ የምስልህ» አለችው። እጁን ያዘችው። እሺ አለ። ወጣን።

እዚያው ስድስት ኪሎ በ2000 ዓ.ም. የተከፈተ ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ይባላል። ገብረ ክርስቶስን ስንቶቻችን እናውቀዋለን? በግጥሙ የምታውቁት ትኖራላችሁ። ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን፣ ኮሎኝ ሥዕል ተምሮ፣ ተመልሶ እዚሁ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። ሥዕል ማለት ሰው ሰው የሚመስል፣ ዛፍ ዛፍ የሚመስል ነው በሚባልበት ጊዜ ቀለምን በራሱ እንዲቆም አደረገው። በደርግ ዘመን ከሀገር ወጣ። በ1973 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ ሞተ። ሃምሳ እንኳ አልሞላውም ነበር። ጀርመን ሀገር ቀርተው የነበሩ ሥዕሎቹ ግን ተመልሰው ገቡ። እሱ ያልተመለሰበት ከተማ ሥዕሎቹ ተመለሱበት። ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል።

አንድ ሥዕል ፊት ቆምን።

«ምን አለ?» አለኝ።

«ቀይ» አልኩት።

«ምን ዓይነት ቀይ?»

ቀይ ነዋ! ምን ዓይነት ቀይ ይባላል?

«የበርበሬ ነው?» አለኝ።

ጠጋ ብዬ አየሁ። አይደለም። «ቁሌት ነው» አልኩት። «በርበሬው ከሽንኩርቱ ጋር ቆይቶ፣ ዘይቱ ወደ ላይ ሲወጣ ያለው ቀይ።»

«ዳር ዳሩስ?»

«ዳር ዳሩ አርሯል።»

«መሐሉስ?»

መሐሉን አየሁ። እዚያ ቀለሙ ወፍሯል። ብሩሹ የሄደበት መንገድ እንደ እርሻ ትልም ይታያል። ትልሙ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄድ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ ቁርጥ ይላል። ከዚያ ወዲያ ሌላ ቀለም ነው። ሠዓሊው እጁን ያነሣበት ቦታ ነው። ይህንኑ ነገርኩት። ጣቱን አየር ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ወሰደና ቆም አደረገው። «እዚህ ጋ?» አለኝ። «ትንሽ እለፍ። አዎ፣ እዚህ ጋ።»

አንድ ሥዕል ፊት ሃያ ደቂቃ ቆምን። ሃያ ደቂቃ! ብቻዬን ብሆን ግማሽ ደቂቃ አልቆምም ነበር። «ያምራል» ብዬ አልፌ ወደሚቀጥለው እሄድ ነበር። ቆሜ ያየሁት ስለጠየቀኝ ነው።

እባካችሁ፣ ሙዚየም ስትሄዱ ብቻችሁን አትሂዱ። የሚጠይቃችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ሕፃን ልጅ ይሁን። አያታችሁ ትሁን። ሥዕል አይገባኝም የሚል ጎረቤት ይሁን። «ይህ ምንድነው?» የሚላችሁ ሰው ይኑር።

ረቡዕ ብሔራዊ ሙዚየም ነበርን። በአጭሩ ልለፈው። ድንቅነሽን አየናት። ኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሀዳር ላይ የተገኘችው፣ የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ። ለጎብኚ የሚታየው ቅጂዋ ነው፤ ዋናው አጥንት ለብቻው ተጠብቆ ይቀመጣል። «ቁመቷ ስንት ነው?» አለ። ከአንድ ሜትር ብዙም አትበልጥም አልኩት። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «እዚህ ድረስ? ልጅ ናት እኮ» አለ። ልጅ አይደለችም፣ ያደገች ናት ስለው በጣም ገረመው። ቀኑ ጾም ስለነበር በያይነቱ በልተን ወደ ቤት ገባን።

ሁለተኛው ነጥብ። ስለ መስማት።

ሐሙስ ፒያሳ ሄድን። እዚህ ላይ ድምፄ ቢሰበር ይቅርታ አድርጉልኝ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ብዙ ሰፈር መፍረሱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔ የሰማሁት በቴሌቪዥን ነው። በቴሌቪዥን ማየትና ቆሞ ማየት አንድ አይደለም። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ተከፍቷል። ገባንበት። ትልቅ ነው፤ ልጆቻችሁን ውሰዱ። ከዚያ ወጥተን በእግር ወደ ታች ስንል ግን እኔ ጠፋሁ። የተወለድኩበት ሰፈር፣ ሰባ ደረጃን ሮጬ የወጣሁበት ሰፈር፣ ጠፋሁበት። መንገዱ ሰፍቷል። አጥሩ የለም። ያ ሱቅ የለም፣ ያ በረንዳ የለም። «የት እንደሆንን አላውቅም» አልኩት።

«ቆይ» አለ። ቆመ። እግሩን መሬቱ ላይ አመቻቸ። «ቁልቁለቱ አልተለወጠም» አለ። «ጊዮርጊስ ከኋላችን ነው። አይደለም እንዴ?» ነው። «እንግዲያው ትንሽ ዝቅ ስንል ሸክላ የሚያጫውቱበት ቤት ነበር።» ዝቅ አልን። ቤቱ የለም። እሱ ግን እዚያ ቆሞ በሩ ላይ ድምፅ ማጉያ እንደነበረ፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቦርሳችንን አስቀምጠን እንደምንሰማ፣ ባለቤቱ ደስ ካለው ሸክላውን ገልብጦ ሁለተኛውን ዘፈን እንደሚያስከትልልን ነገረኝ። ቦርሳውን የምናስቀምጥባት ድንጋይ ሳትቀር። ረስቼው ነበር። ሙሉ በሙሉ ረስቼው ነበር።

ወጣቶች፣ ፒያሳ ለሙዚቃ ምን እንደነበረች ንገሩኝ ብትሉ ይህን እነግራችኋለሁ። ሰው ሲቃጠር «ማህሙድ ጋ እንገናኝ» ይል ነበር፤ ማህሙድ ሙዚቃ ቤት ማለት ነው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን ሊወር ሲዘጋጅ የተቋቋመው ሕዝቡን ለሀገሩ ለመቀስቀስ ነው፤ ጥላሁን ገሠሠ ወደ ክብር ዘበኛ ከመሄዱ በፊት እዚያ ነበር። ሸክላ ማሳተም የተፈቀደው ለሀገር ፍቅር ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ደፍሮ በራሱ ማሳተም ጀመረ። ዛሬ ዓለም ወርቃማው ዘመን እያለ የሚሰማው ሙዚቃ ብዙው በዚያ ድፍረት የተረፈ ነው።

አርብ ቀን ብሔራዊ ቴአትር ደጃፍ ቁጭ ብለን ማኪያቶ ስንጠጣ ደግሞ ስለ አርባ ልጆች አጫወተን። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ሄደው አርባ አርመን ወላጅ አልባ ልጆች መለከት ሲነፉ ሰሙ። ይዘዋቸው መጡ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ደግሞ ቴአትር ቤቱ ውስጥ ስንቱን አስተማረ። «ከዚያ ጌታቸው መኩሪያ መጣና በሳክስፎን ሸለለበት» አለ ጓደኛችን። እስቲ አስቡት፣ ከውጭ የመጣ የነሐስ መሣሪያ ይዞ መሸለል! ከንፈሩን አሹሎ ሊያሰማን ሞከረ። አጠገባችን የነበሩ ልጆች ስልካቸውን አስቀምጠው ያዳምጡት ነበር።

አርብ ማታ እሱ ቤት ነበርን። ቤቱ አንድ ክፍል ናት። ክራሩን ከግድግዳ ላይ አወረደ። አንዷ ክር ተበጥሳ ነበር። እኔ አዲሷን ክሮቹን በምትደግፈው እንጨት፣ ብርኩማው ላይ አሳለፍኩለት፤ እሱ ቀንበሩ ላይ ጠመጠማት። ጆሮውን ቆዳው ላይ አስጠግቶ ነካ ያደርጋል፣ ያጠብቃል፣ ነካ ያደርጋል። ስድስት ክር ነው። ስድስተኛዋ የመጀመሪያዋን ድምፅ ከፍ አድርጋ ትደግማለች፤ ስለዚህ ድምፁ አምስት ነው። በእነዚህ አምስት ድምፆች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ይቃኛሉ። ባቲና አምባሰል የወሎ ሀገር ስም ናቸው። የደሴዋ ጓደኛዬ እዚህ ተቀምጣለች፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ አትምረኝም።

ትዝታን ቃኘ። ሰማን። ከዚያ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ድምፅ ትንሽ፣ በግማሽ ድምፅ ብቻ ዝቅ አደረጋቸውና ያንኑ ዜማ ደገመው። እናንተዬ! ሌላ ቤት ገባን። ያው ክራር፣ ያው ጣት፣ ያው ዜማ።

«አሁን አንቺ ጠይቂኝ» አለኝ።

ምን ልጠይቀው? አሰብኩና «ምን ዓይነት ኀዘን ነው?» አልኩት።

ክሮቹን በመዳፉ ዝም አሰኛቸው። «የሞተ ሰው አይደለም» አለ። «የዘገየ ሰው ነው። በር ዘወር ብለሽ የምታይለት።»

አራታችንም ስለ አምስተኛዋ አሰብን። ማንም ስሟን አልጠራም።

አንድ ነገር ልጨምር። በሰዓት እላፊው ዘመን፣ ልጆች ሳለን፣ አንድ ምሽት እናቱ ቤት አምስታችንም መሸብን። መውጣት አይቻልም። እናቱ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ እንጀራ በሽሮ አበሉንና «በል ተጫወትላቸው» አሉት። ግን ድምፁ ውጭ እንዳይሰማ ብለው ጋቢ ከክራሩ ጋር አከናነቡት። ከጋቢው ውስጥ ይጫወታል። እኛ ጆሯችንን ጋቢው ላይ አድርገን ክብ ተቀምጠናል። ያን ሌሊት የሰማሁትን ያህል ክራር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም፤ አርብ ማታ ግን በጣም ተጠጋው። ስንነሳ ጋቢዋን አሳየን። እስካሁን አስቀምጧታል። ጠርዟ ላይ የእናቱ ጥልፍ አለ። በጣቱ እያስኬደ ቀለሟን ጠየቀን። እኛም ነገርነው፤ አረንጓዴው ደብዝዞ የጎመን ቅጠል የጀርባው ቀለም መስሏል።

ሦስተኛውን ነጥብ አልተናገርሽም የምትሉኝ ካላችሁ፣ ከመነሻዬ ጀምሮ ስናገር የነበረው እሱን ነው።

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ፤ አዘጋጁ እያዩኝ ነው። አንድ ደቂቃ ብቻ ስጡኝ።

ጓደኛችን እዚህ አለ። ፊተኛው ረድፍ ላይ፣ ከነርሷ አጠገብ፣ ጥቁር ቦርሳ ጭኑ ላይ ያደረገው እሱ ነው። ቦርሳው ውስጥ ክራሩ አለ። እንዲጫወትላችሁ ትናንት ማታ ለምኜው እሺ ብሏል፤ ምን እንደሚጫወት ግን አልነገረኝም። ልጆች፣ ያንን ወንበር ወደ መሐል አምጡልኝ። ማይኩን ዝቅ አድርጉት፤ ወደ ክሩ ጠጋ ይበል። በሩንም ዝጉልን፣ የታክሲ ጥሩምባ ይገባል።

ና ወንድሜ፣ ደረጃው ሁለት ነው። ክንዴን ያዝ።